አድራሻቸውን ራሳቸው ያስመዝግቡ፦ ኮንሰልና ፋቢዮን ደረጃ በደረጃ መትከል

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ስልኬ ጮኸ። የቢሮው መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ተመልሷል፤ ሰርቨሮቹም በራሳቸው ተነስተዋል። ነገር ግን የትዕዛዝ መቀበያው ሲስተም ለግማሹ ደንበኛ ይሠራል፣ ለግማሹ 502 ይመልሳል። ሎጉን ስከፍተው የመጀመሪያው ስህተት 23:10 ላይ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ ስለሚቆጥር፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 መሆኑ ነው። ኤንጂንኤክስ ግማሹን ጥያቄ የሚልከው 192.168.1.23 ወደተባለ አድራሻ ነበር፤ የዚህ አድራሻ ባለቤት የነበረው ሰርቨር ግን መብራት ሲመጣ ከራውተሩ ሌላ ቁጥር ተቀብሏል። ታዲያ 23ን ማን ወሰደው? ለዘበኛው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ በሌሊት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፕሪንተር ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይታያል?»

«ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላድርግ። አንድ መቶ ዘጠና ሁለት፣ ነጥብ… መጨረሻው ሃያ ሦስት ነው የሚለው።»

የደንበኞቻችን ትዕዛዝ ለፕሪንተር ሲላክ ቆይቷል።

በማግስቱ ጠዋት ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ቋሚ አድራሻ ያዝኩለት፤ የዚያን ሌሊት ችግር በዚያው አበቃ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አድራሻው ቋሚ ቢሆንም ሰርቪሱ ሊሞት ይችላል፣ ወደ ሌላ ማሽን ሊዛወር ይችላል፣ ገበያ በሚደራበት ሰሞን ደግሞ ሦስተኛ ቅጂ ይጨመርበታል። በእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ሰው የኮንፊግ ፋይል ከፍቶ ቁጥር መቀየርና ሪሎድ ማድረግ አለበት። ያ ሰው ይረሳል። እኔም ረስቻለሁ።

መገናኛ ታክሲ ለመያዝ የሚሄድ ሰው የሚኒባሶቹን ታርጋ በቃሉ አይዝም። ሾፌሩ ሲደርስ ተራ አስከባሪው ይመዘግበዋል፣ ጎማው የተነፈሰበትን ያልፈዋል፣ ተሳፋሪውን ወደ ባለተራው ይመራል። እዚህ የምንተክለውም ይኸንኑ ነው። ኮንሰል የተራ አስከባሪው ደብተር ነው፤ ፋቢዮ ደግሞ «ወደዚያኛው ግባ» የሚለው ጣቱ።

ኮንሰልን ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣው። ፋቢዮ የተወለደው ኢቤይ ቤት ነው። ሁለቱም በጎ ቋንቋ የተጻፉ፣ ሌላ ላይብረሪ የማይጠይቁ፣ አንድ አንድ ፋይል ብቻ ናቸው፤ አውርዶ ፈቃድ ሰጥቶ ማስነሳት ነው። ኮንሰል ከእ.ኤ.አ. 2023 ነሐሴ ወዲህ ፈቃዱ ጠበቅ ብሏል፤ ለራሳችሁ ድርጅት የውስጥ ሥራ ግን አይከለክላችሁም። የፋቢዮ ፈቃድ ኤምአይቲ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ያሏችሁ ሰርቪሶች ሁለት ከሆኑና ለዓመት ከቦታቸው የማይነቃነቁ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ትታችሁ ኤንጂንኤክስ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። ሁሉም ሰርቪሶቻችሁ አንድ ማሽን ላይ በዶከር የሚሠሩ ከሆነም ትሬፊክ የተባለው ፕሮክሲ ከራሱ ከዶከር ጠይቆ ሥራውን ያለ ኮንሰል ይጨርሰዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለትና ከዚያ በላይ ማሽን ላላቸው፣ ሰርቪሳቸውም ወዲያ ወዲህ ለሚል ነው። ኮማንዶችንና የኮንፊግ ቃላትን በፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ፣ በትናንሽ ሆሄያት ይሁኑ።

ደረጃ 1፦ ማሽኖቹ

ሦስት የሊኑክስ ማሽኖች አሉን እንበል። ማሽን ሀ 10.0.0.10 ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው እሱ ነው። ማሽን ለ 10.0.0.21፣ ማሽን ሐ 10.0.0.22 ናቸው፤ «ኦርደርስ» የተባለው ሰርቪስ በሁለቱም ላይ በ8080 ፖርት ይሠራል። ለሦስቱም ቋሚ አድራሻ ያዙላቸው። ለሰርቪሶቹ ብላችሁ አይደለም፤ ኮንሰል ራሱ ጓደኞቹን መጀመሪያ የሚያገኝበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ነው። ደብተሩ የት እንዳለ ማወቅ የግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ደብተሩ ይነግራችኋል።

በሦስቱ መካከል 8300 እና 8301 ፖርቶች ክፍት ይሁኑ። 8301 በቲሲፒም በዩዲፒም ይሠራል። ቲሲፒውን ብቻ ከፍቶ ዩዲፒውን የረሳ ሰው፣ ማሽኖቹ አንዴ ተገናኝተው አንዴ ሲጠፋፉ እያየ ቀኑን ሙሉ ይባክናል።

ደረጃ 2፦ ኮንሰልን ማስነሳት

ለመሞከር ብቻ ከሆነ «ኮንሰል ኤጀንት -ዴቭ» የሚለው ኮማንድ ይበቃል። በዚህ ዓይነት የተነሳ ኮንሰል ግን ሁሉን ነገር ሜሞሪ ላይ ስለሚይዝ ሲጠፋ ደብተሩም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ ራሱን የሚያስተዋውቀው 127.0.0.1 ብሎ ነው። ያን መዝገብ ሌላ ማሽን ላይ ያለ ፋቢዮ ቢያነበው «ኦርደርስ 127.0.0.1 ላይ አለ» የሚል ያገኝና የራሱን ቤት ያንኳኳል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሙከራችሁን አንድ ማሽን ላይ ጨርሱና ዴቭን እርሱት።

ለእውነተኛው ሥራ በሦስቱም ማሽኖች «/ኢቲሲ/ኮንሰል.ዲ» ፎልደር ውስጥ አንድ የኮንፊግ ፋይል አስቀምጡ። የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው። «ዳታ_ዲር» ደብተሩ የሚቀመጥበት ፎልደር ነው፤ «/ቴምፕ» ውስጥ እንዳይሆን። «ባይንድ_አድር» የየማሽኑ የራሱ አድራሻ ነው። «ሰርቨር» ትሩ፣ «ቡትስትራፕ_ኤክስፔክት» 3 ይሁኑ። «ሪትራይ_ጆይን» ውስጥ የሦስቱንም አድራሻ ደርድሩ፤ መብራት ጠፍቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሱ፣ ቀድሞ የተነሳው የዘገየውን እየደጋገመ የሚፈልገው በዚህ ነው። «ኤንክሪፕት» ላይ ደግሞ «ኮንሰል ኪጀን» የሚለው ኮማንድ የሚሰጣችሁን ቁልፍ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ለጥፉ።

ለምን ሦስት? ኮንሰል አንድን ነገር «ተመዝግቧል» የሚለው አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሲስማሙ ነው። ከሦስት ውስጥ ሁለቱ ካሉ ሥራው ይቀጥላል። ሁለት ሰርቨር ብታደርጉ ግን የሁለት አብዛኛው ራሱ ሁለት ስለሆነ አንዱ ሲሞት ሁለተኛውም ይቆማል፤ ወጪ ጨምራችሁ ምንም አላተረፋችሁም። ወይ አንድ፣ ወይ ሦስት፣ ሰፊ ቤት ከሆነ አምስት።

«ኮንሰል ቫሊዴት» ብላችሁ ፎልደሩን አስፈትሹ፤ ከዚያ በሲስተምዲ አስነሱት። «ኮንሰል ሜምበርስ» ስትሉ ሦስት መስመር፣ ሦስቱም «አላይቭ» መሆን አለባቸው። ሁለት ብቻ ካያችሁ ወደ ፋየርዎሉ ተመለሱ።

ደረጃ 3፦ ሰርቪሱን ማስመዝገብ

ማሽን ለ ላይ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ለሰርቪሱ ሌላ ፋይል ጻፉ። «ኔም» ኦርደርስ፣ «አይዲ» ኦርደርስ-1፣ «ፖርት» 8080። ስሙ የሁሉም ቅጂዎች የጋራ ስም ነው፤ አይዲው ግን የአንዱ ብቻ። አንድ ማሽን ላይ ሁለት ቅጂ አስነስታችሁ አንድ አይዲ ብትሰጧቸው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስም ሰርዞ በቦታው ይገባል፤ ስህተት ብሎ የሚነግራችሁም የለም።

ከዚያ «ታግስ» አለ። ፋቢዮ የሚያነበው ይህን ነው። «ዩአርኤልፕሪፊክስ-/ኦርደርስ» የሚል ታግ ማለት «በ/ኦርደርስ የሚጀምር ጥያቄ ለእኔ ይምጣ» ማለት ነው። ከመስመሩ በፊት የዶሜይን ስም መጨመር ይቻላል፤ ዶሜይን ያለበት ከሌለበት ይቀድማል፣ ረጅሙ መስመር ከአጭሩ ይቀድማል። አስተውሉ፦ ፋቢዮ መስመሩን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። ሰርቪሳችሁ «/ኦርደርስ/15»ን የማያውቅ፣ «/15»ን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ከታጉ በኋላ ክፍት ቦታ ትታችሁ «ስትሪፕ=/ኦርደርስ» ጨምሩበት።

ማሽን ሐ ላይም እንዲሁ አድርጉ፤ አይዲው ኦርደርስ-2 ይሁን። «ኮንሰል ሪሎድ» በሉ። «ኮንሰል ካታሎግ ሰርቪስስ» ስሙን ካሳያችሁ ደብተሩ ላይ ሰፍሯል።

አንድ ቀን ስም ለማጥፋት ስትፈልጉ፣ ሰርቪሱ የተመዘገበበት ማሽን ላይ ሄዳችሁ አጥፉት። ከማዕከላዊው ካታሎግ በቀጥታ ብትሰርዙት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ታገኙታላችሁ፤ የየማሽኑ ኤጀንት የራሱን ዝርዝር እውነት አድርጎ ስለሚይዝ ከካታሎጉ ጋር እያመሳከረ የጎደለውን ይሞላል። እኔ አንድን ስም አራት ጊዜ ሰርዤ አራት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ነው መመሪያውን ያነበብኩት።

ደረጃ 4፦ ሄልዝ ቼክ

ሌላውን ደረጃ በግማሽ ሰዓት ትጨርሱታላችሁ፤ እዚህ ግን ተቀመጡ። ፋቢዮ ሄልዝ ቼክ የሌለውን ሰርቪስ ከነጭራሹ አይቆጥረውም። ያለውንም የሚቆጥረው ሲያልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን ጥያቄ እንደሚደርሰው የሚወስነው ፕሮክሲው ሳይሆን ይህ ምርመራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ «ቼክ» ብላችሁ፣ «ኤችቲቲፒ» ላይ የሚጠየቀውን አድራሻ፣ «ኢንተርቫል» ላይ 5 ሰከንድ፣ «ታይምአውት» ላይ 2 ሰከንድ ትጽፋላችሁ። መልሱ በ200ዎቹ ውስጥ ከሆነ አለፈ፤ 429 ከሆነ ማስጠንቀቂያ፤ ሌላው ሁሉ ወደቀ።

የሚጠየቀውን አድራሻ 127.0.0.1 ብላችሁ ለመጻፍ እጃችሁ ይቸኩላል፤ ምርመራውን የሚያደርገው እዚያው ማሽን ላይ ያለው ኤጀንት ነውና ይሠራል። ግን 10.0.0.21 ብላችሁ ጻፉት። ሰርቪሱ በስህተት ለራሱ ማሽን ብቻ ጆሮውን ከፍቶ ለሌላው ዘግቶ እንደሆነ፣ በ127.0.0.1 የሚደረግ ምርመራ «ደህና ነው» እያለ ፋቢዮ 502 ሲመልስ ይውላል። ይህ መላ የፋየርዎልን ችግር አይዝም፤ እሱን ከማሽን ሀ ላይ በ«ከርል» ራሳችሁ አንኳኩታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ «/ሄልዝ» ሲጠየቅ ሰርቪሱ ምን ይመርምር? መጀመሪያ የሠራሁት ምንም ሳይመረምር 200 የሚመልስ ነበር። አንዱ ቅጂ ከዳታቤዝ ጋር ያለው ግንኙነት ተበጥሶ ሁሉንም ጥያቄ በ500 እየመለሰ ሳለ «/ሄልዝ» ፈገግ ብሎ 200 ይላል። ጎማው የተነፈሰ ሚኒባስ ሞተሩ ስለሚጮህ ብቻ ተራ ይዞ ቆመ ማለት ነው።

ተናድጄ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። «/ሄልዝ» ዳታቤዙን፣ የክፍያውን መግቢያ፣ የኤስኤምኤሱንም አገልግሎት እንዲጠይቅ አደረግኩት። ይህ የባሰ ሆነ። ዳታቤዙ አንድ ቀን ለሃያ ሰከንድ ያህል ሲንገዳገድ ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ወደቁ፤ ፋቢዮም ሁለቱንም ከሠንጠረዡ አወጣ። መስመር የሌለው ጥያቄ ሲመጣበት ፋቢዮ ሳይለወጥ በራሱ የሚመልሰው 404 ነው። ደንበኛው «ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ሳይሆን «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» ተባለ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው። ምርመራው የዚህ ቅጂ የብቻው የሆነውን ይመርምር፦ የራሱ የዳታቤዝ ግንኙነቶች አልቀው ወይም ተበጥሰው እንደሆነ፣ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ፣ ሥራ ጀምሮ የሚያስፈልገውን ጭኖ ጨርሶ እንደሆነ። ሁሉም ቅጂዎች የሚጋሩት ነገር ሲታመም ግን አንዱን ቅጂ ከሰልፍ ማስወጣት ማንንም አይጠቅምም፤ እዚያ ላይ ሰርቪሱ ራሱ 503 ይመልስ። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። «ፌይለርስ_ቢፎር_ክሪቲካል» 3 ይሁን፤ አንድ ጊዜ የዘገየ ሳይሆን በተከታታይ የወደቀ ብቻ ይወጣል። በፋቢዮ በኩል ደግሞ «ፕሮክሲ.ኖራውትስታተስ»ን 503 አድርጉት።

ትዕግሥቱ ዋጋ አለው። በየ5 ሰከንዱ ተጠይቆ ሦስቴ እስኪወድቅ ወደ 15 ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሁለት ቅጂ አንዱ ከሞተ ግማሹ ጥያቄ ይወድቃል። የክፍያ ሰርቪስ ከሆነ ይህ ብዙ ነው፤ ኢንተርቫሉን ወደ 2 ሰከንድ አውርዱት። ለሪፖርት ማውጫ ግን ማንም አያስተውለውም።

ደረጃ 5፦ ፋቢዮ

ይኸኛው አጭር ነው። ማሽን ሀ ላይ ፋቢዮን አውርዳችሁ አስነሱት። ኮንፊግ ባትሰጡትም ኮንሰልን እዚያው ማሽን 8500 ፖርት ላይ ይፈልገዋል፣ በ9999 ጥያቄ ይቀበላል፣ በ9998 ደግሞ የመስመሮቹን ሠንጠረዥ ያሳያል። 9998ን በብራውዘር ክፈቱት፤ ለ«/ኦርደርስ» ሁለት መስመር፣ አንዱ ወደ 10.0.0.21፣ ሌላው ወደ 10.0.0.22 ታያላችሁ። ኮንሰል ላይ የሆነ ለውጥ ወዲያው እዚህ ይታያል፤ ሪሎድ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ቃል ግን ቀይሩ። «ሬጂስትሪ.ኮንሰል.ቼክስሪኳየርድ» ሳይነካ «ዋን» ነው፤ ለአንድ ሰርቪስ ሁለት ምርመራ ብትሰጡት አንዱ ስላለፈ ብቻ ደህና ነው ይለዋል ማለት ነው። «ኦል» አድርጉት።

ከውጭ በ80 እና በ443 ለመቀበል «ፕሮክሲ.አድር»ን መቀየርና የሰርተፍኬቱን ምንጭ መንገር ያስፈልጋል። ከ1024 በታች ያለ ፖርት ለመያዝ ደግሞ በሲስተምዲ ፋይሉ ላይ ፈቃዱን ለይታችሁ ስጡት፤ ሩት አድርጋችሁ አታስነሱት።

ደረጃ 6፦ ደብተሩን ማን ይጽፍበት?

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። አስቡት፦ መመዝገብ የሚችል ሁሉ ጥያቄ መቀበል ይችላል። ኔትወርካችሁ ውስጥ ያለ ማንም ሰው «ዩአርኤልፕሪፊክስ-/ኦርደርስ» የሚል ታግ ይዞ የራሱን ላፕቶፕ ቢያስመዘግብ፣ ፋቢዮ ከደንበኞቻችሁ ትዕዛዝ ሲሶውን በትህትና ለእሱ ያደርስለታል። ክፉ ሰው እንኳ ባይሆን፣ ለሙከራ ያስነሳውን ቅጂ ከዋናው ጋር ያገናኘ የሥራ ባልደረባ ይበቃል።

ስለዚህ 8500 ከማሽኑ ውጭ አይከፈት፤ ሳትነኩት ከተዋችሁት ለራሱ ማሽን ብቻ ነው የሚከፈተው፣ እንዲያው ተዉት። ቀደም ብለን ያስገባነው የኤንክሪፕት ቁልፍ ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚያወሩትን የሐሜት (ጎሲፕ) መልእክት ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ 8500ን አይጠብቅም። ኤሲኤልን አብሩ፣ መነሻ ፖሊሲውን «ዲናይ» አድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ በራሱ ስም ብቻ መጻፍ የሚያስችል ቶክን ስጡ፣ ለፋቢዮም የራሱን ስጡት። 9998ም የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ በዚያ ላይ መጻፍም ያስችላል፤ «ዩአይ.አክሰስ»ን «አርኦ» አድርጋችሁ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ተዉት።

ደረጃ 7፦ አንዱን ቅጂ በክብር ማስወጣት

አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ ሰርቪሱን በድንገት አትግደሉት። መጀመሪያ እዚያው ማሽን ላይ «ኮንሰል ሜይንት -ኢኔብል -ሰርቪስ=ኦርደርስ-1» በሉ። ፋቢዮ ወዲያው ከሠንጠረዡ ያወጣዋል፤ በእጁ ያሉትን ጥያቄዎች እስኪጨርስ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ አቁሙ፣ አዲሱን ጫኑ፣ አስነሱ፣ «-ዲስኤብል» በሉ። ይህች የመጨረሻዋ እንዳትረሳ፤ የጥገናው ምልክት ኤጀንቱ ቢጠፋና ቢነሳም አይለቅም። ሰርቪሱ ደህና፣ ምርመራው አረንጓዴ፣ ጥያቄ ግን አንድም የማይመጣ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ቅደም ተከተሉን በሙሉ በአንድ ስክሪፕት መጻፍ ነው።

ደረጃ 8፦ ገመዱን ንቀሉ

ሁለት ሙከራ አድርጉ። በመጀመሪያው ከሌላ ተርሚናል በየሰከንዱ ወደ 9999 ጥያቄ እየላካችሁ፣ ማሽን ለ ላይ ሰርቪሱን ብቻ ግደሉት። ጥቂት 502 ታያላችሁ፤ ከዚያ ይጠራል። ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ፤ ደረጃ 4 ላይ የመረጣችሁት ቁጥር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የምታዩት ያኔ ነው።

በሁለተኛው የማሽኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀሉ። ይህ ከመጀመሪያው ይለያል፤ መርማሪው ኤጀንት ራሱ አብሮ ስለሞተ «ሰርቪሱ ወድቋል» ብሎ የሚያመለክት የለም። ሞቱን የሚያውቁት ቀሪዎቹ ማሽኖች ናቸው፤ እርስ በርስ ሲጠያየቁ መልስ ያጡበትን ማሽን «ፌይልድ» ብለው ያውጃሉ፣ ፋቢዮም በእሱ ላይ ያለውን ሁሉ ይጥላል። «ኮንሰል ሜምበርስ» ላይ ስሙ ወዲያው አይጠፋም፤ ኮንሰል የወደቀን ማሽን ለ72 ሰዓት ይመለስ ይሆናል ብሎ ይጠብቀዋል። ገመዱን ስትሰኩት ማሽኑ ይነሳል፣ ኤጀንቱ ጓደኞቹን ያገኛል፣ ምርመራው ሲያልፍ መስመሩ ማንም ሳይነካው ሠንጠረዡ ላይ ይመለሳል።

እኛ ቢሮ ይህን ስንሞክር ዘበኛው በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ገመዱን ስነቅለው ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ የፕሪንተሩን ቁጥር ደግሜ ላንብብልህ እንዴ?» አሉኝ።